ሰፊው ፊልምና የቤቴ ክዳን

መቼ እንደነበረ ቁርጡን አላውቀውም። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ የእኔም ጢም ገና አልጠናም ነበር። ከዚህ በላይ ዓመቱን ንገረን የሚል ካለ የሌላ ሰው ደጅ ይምታ። በእኛ አገር ዘመን የሚታወሰው በበረዶውና በውርጩ ነው። ያ ዓመት ደግሞ ገብሱን በረዶ ያልመታበት ደህና ዓመት ስለነበር ምልክት ሳይተው አለፈ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ያየሁት ቴሌቪዥን ነው። ለዓይኔ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ልወርድ ሚኒባሱ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ቴሌቪዥኑ አንድ ሽበታም ፈረንጅ ያሳያል። ሰውየው መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው የፊልም ቁራጭ በጣቶቹ ይዞ፣ ሊያሳልመን እንደፈለገ ሁሉ ከፍ አድርጎታል። ከሥር በአማርኛ የሚጻፈውን አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት መምህር ያነብልኛል። ማንበቡንስ እኔም ዳዊት ደግሜበታለሁ፤ ዓይኔ ነው እምቢ ያለኝ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የሲኒማ ትልቁ ዘመን ነበር» አለኝ መምህሩ። «ፊልሙ ራሱ ሰፊ፣ ሥዕሉ ተራራ የሚያህል። አሁን እንደዚያ የሚደክም ሰው የለም።»

«ተመስገን ነው» አልኩት።

«ምነው አባባ?»

«ያንን ዕቃ በቅሎዬ ተሸክማዋለች። እሷን ጠይቅልኝ።»

ሳቀ፤ የቀለድኩ መሰለው። በቅሎዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ። ግን እውነቴን ነው፣ ስለዚያ ሰፊ ፊልም በእኛ በኩል ምስክር ይጠራ ቢባል ከእኔ እሷ ትቀድማለች። ክብደቱን ታውቀዋለችና።

የማያውቀን ሰው እንዳይቸገር አስቀድሜ ስለ ጓሳው ልናገር። ጓሳ የምንለው ከእርሻችን በላይ ያለውን ብርዳም ሜዳ ነው፤ የሚበቅልበትም ሣር ስሙ ያው ጓሳ ነው። ቤት የምንከድነው በእሱ ነው፣ ገመድም የምንገምደው ከእሱ ነው። ሣሩ እንዲጠና ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድም አይነካውም። አገሩ የመረጠው አባ ቄራ የሚባል ሽማግሌ ይጠብቀዋል። ሲደርስ ይታወጅና ሁሉም በአንድ ቀን ወጥቶ ያጭዳል። ከቀኑ ቀድሞ ያጨደ ግን ከድርሻው ይወጣል፤ ሲብስም የቤቱን ክዳን ያቃጥሉበታል ይባል ነበር። ሲቃጠል በዓይኔ አላየሁም። ፍርሃቱ ብቻ ይበቃን ነበር።

ያን ጊዜ እኔ ቤት ሠርቼ ነበር። ግድግዳውን ከአባቴ ጋር ድንጋይ በድንጋይ ክበን ጨርሰናል፤ ምሰሶው ቆሟል፣ የጣራው ማገር ታስሯል፣ የቀረው ክዳን ነው። ጓሳው ከፋሲካ በኋላ ሊከፈት ታውጇል። ሠርጌም ለግንቦት ተቆርጧል። የአስካለ አባት፣ አያ ሽፈራው፣ ሽማግሌ በላክንባቸው ጊዜ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «ልጄን ለኮከብ አልድራትም።» ክዳን የሌለው ቤት አትገባም ማለታቸው ነው። ጓሳው በዚያ ዓመት ካመለጠኝ ደግሞ ተመልሶ እስኪከፈት ስንት ዓመት እንደምጠብቅ እግዜር ይወቅ። አስካለን የሚጠብቅልኝ ግን አልነበረም፤ ከሞላሌ በኩል የሚያስጠይቅ ሌላ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ባለፊልሞቹ የመጡት።

መኪናቸው መንገዱ እስከሚያደርሳት ድረስ መጣችና ቆመች። አለቃቸው ረጅም ፈረንጅ ነው። ስሙን አንድ ሁለቴ ነግረውኝ ነበር፤ ምላሴ ላይ አልቀመጥ አለ፣ እኔም አልለመንኩትም። እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ «ይሄን ሁሉ! ይሄን ሁሉ!» የሚል የሚመስል ነገር በቋንቋው ስለሚጮህ የአገሩ ሰው «ዘርጋው» አለው። ከእሱ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣ አስተርጓሚና ጉዳይ ፈጻሚ አለ፣ መኩሪያ የሚባል፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ውርጭ የማያውቅ ሰው። ሦስተኛው ቀጭን፣ ፀጉራቸው ከፊት የሸሸ፣ ጣቶቻቸው በፊልም ማጠቢያ መድኃኒት የጠቆሩ ጎልማሳ ናቸው። ዘርጋውም መኩሪያም በስማቸው ሲጠሯቸው አልሰማሁም። «አንተ!» ነው የሚሏቸው። እኛ ግን አንድ ጥቁር ከረጢት ከትከሻቸው ስለማይለይ ባለከረጢቱ እንላቸዋለን።

አባ ቄራ ደምሴ አስጠሩኝ። «አንተ ጥበቡ፣ በቅሎ አለህ፤ እነዚህን ሰዎች ይዘህ ውጣ። ሜዳውን ማየት እንግዳ አይከለከልም። ግን ስማኝ፤ እግር ይግባ፣ ማጭድ አይግባ። ቃሉ ባንተ ላይ ነው» አሉኝ። ያንኑ ለመኩሪያ ነገሩት፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ «ምን ልናጭድ፣ በሬ መስለንህ ነው?» አለ። ሽማግሌን አንተ ሲል ያን ጊዜ ሰማሁ።

ጭነቱን ሳየው ደነገጥኩ። ካሜራው ብቻውን አንድ በቅሎ ያጎብጣል። የሚቆምበት እግሩ ሌላ በቅሎ፣ የፊልሙ ቆርቆሮዎች ሌላ በቅሎ፤ ሁለቱን ከጎረቤት ተዋስን። ለእነሱ መብል የተረፈው የእኔ ጀርባ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ከባለከረጢቱ ጋር ጎን ለጎን ሆንን። ቆሎ ሰጠኋቸው፤ ይዘው እንደማያውቁ ሰው ሳይሆን እንደ አገሬው አፋቸው ውስጥ ወርወር እያደረጉ ቆረጠሙ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ክብደት?» አልኳቸው።

«ስፋት ነው» አሉ። «ስፋት ይከብዳል።»

ከዚያ መንገድ አይደል፣ አጫወቱኝ። በፈረንጅ አገር ሰው ሁሉ በየቤቱ ቴሌቪዥን አስገብቶ ሲኒማ ቤቱ ወና ቀረ። ባለሲኒማዎቹ ተጨነቁ፤ ተጨንቀውም ያገኙት ብልሃት ሥዕሉን ማስፋት ሆነ። አንዱ ሦስት ካሜራ ጎን ለጎን አሠረ፤ ሲያሳይም በሦስት ማሽን፣ ለየማሽኑ ሰው አቁሞ ነው። ሦስቱ ሥዕል የሚጋጠሙበት ስፌት ግን ይታያል፤ እዚያ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ለሁለት ይከፈላል። ሌላው ፊልሙን ቁልቁል መስደዱን ትቶ አግድም ነዳው። ሌላው ሰፊውን ሥዕል በመስተዋት ጨምቆ ጠባብ ፊልም ላይ አሳደረና ሲያሳይ መልሶ ዘረጋው፤ መስተዋቱ ያልሠመረለት ቀን የሙሽራዋ ጉንጭ እንደ ዱባ ይነፋል። የእኛዎቹ ደግሞ ጭራሽ ፊልሙን እጥፍ አድርገው አሰፉት። እያንዳንዱ ሲመጣ «ከእንግዲህ ዓለም በዚህ ነው የሚያየው» ይባልለታል፤ ጥቂት ዓመት ይነግሥና ሌላው ይተካዋል።

«ፊልሙ የሚያወራው ወሬስ? እሱ ተሻለ?» አልኳቸው።

«እሱን ማን ጠየቀ!» ብለው ሳቁ።

እኔ ከዳዊት በላይ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄን ግን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ጠጁ የኮመጠጠበት ጠጅ ቤት ጠጪ ሲሸሸው ጠጁን ነው የሚያስተካክለው። ብርሌውን ያተለቀ ባለጠጅ ሰምቼ አላውቅም።

ከረጢቱን ጠየቅኳቸው። ፊልሙን ከቆርቆሮ ወደ ካሜራ የሚያዛውሩት በዚያ ውስጥ ነው። ሁለት እጅጌ አለው፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከትተው በጣታቸው እየዳበሱ ይሠራሉ። «ሳይታጠብ ብርሃን ካየው ይሞታል» አሉኝ። «ሽራፊ ብርሃን ትበቃዋለች። የወር ድካም በዓይን ጥቅሻ ይጠፋል።» ይሄን ያሉኝን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ጓሳው ላይ ደረስን። ነፋሱ ሣሩን እያስተኛ ያነሳዋል፤ ጠዋት ስለሆነ ውርጩ ገና አልረገፈም። ካሜራው ተተከለና ሥራ ጀመረ፤ ጩኸቱ እንደ እህል ወፍጮ ነው። ድምፅ እንቀዳለን ስላሉ ጩኸቱን ለማፈን ከሞላሌ ገበያ የተገዛ የሱፍ ባና አለበሱት። እኛ ለብርድ የምንሻማውን ባና አንድ ብረት ሁለት ደርቦ ለበሰው። አንዱን ቆርቆሮ ፊልም ጨረስን ሲሉ እኔ ገና የበቅሎዬን መጫኛ ፈትቼ አልጨረስኩም ነበር። ሦስት በቅሎ ዳገቱን በላብ የተሸከመውን እንዲህ በላው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ አፋፍ ብቅ ብለው አንድ ጊዜ አዩንና ጀርባቸውን አዙረው ሣር መንጨታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ሁሉ ፍጡር ካሜራውን በልኩ ያከበሩት እነሱ ናቸው።

ዘርጋው ግን አልተደሰተም። ካሜራው ከባድ ስለሆነ ከፍ ብሎ አይቆምም፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ፊቱ ያለው ሣር ይጋርደዋል። ተቆጣ፣ ተንጎራደደ፣ እጁን ዘረጋ። መኩሪያ ወደ እኔ መጣና «ሂድ፣ ውኃ ቅዳልን» አለኝ። ምንጩ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። በቅሎዬን ይዤ ወረድኩ።

ስመለስ በካሜራው ፊት አውድማ የሚያህል ቦታ ተላጭቷል። የድንኳን ካስማ የሚጠርቡበት ገጀራ እዚያው ተጥሏል። ያጨዱትን ሣር ከምረው ዘርጋው ላዩ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ስንት ዓመት የተጠበቀ ሣር፣ የአንድ ሰው መቀመጫ!

«ማነው ያጨደው?» አልኩ።

«ነፋስ» አለ መኩሪያ።

«አቶ መኩሪያ፣ እግር ይግባ ማጭድ አይግባ ተብሏል እኮ። ቃሉ በእኔ ላይ ነው። ቤቴ ክዳን የለውም።»

«አንተ ሰው፣ ይሄን ሥዕል ዓለም ነው የሚያየው። ያንተን ጎጆ ማን ያየዋል?»

ባለከረጢቱ መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸው ከረጢቱ ውስጥ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ።

በማግሥቱ ከዘመሮ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ የተላጨውን አይቶ ለአባ ቄራ ነገራቸው። አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት አጥፊው እስኪታወቅ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ የሚቀመጥበት ሸንጎ ነው፤ ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ያረገዘች ሚስት ያለችው ይቀመጣል፣ ያልታለበች ላም ያለችው ይቀመጣል። እንግዶቹም በአገር ሕግ ከነዕቃቸው ተጠርተው መጡ። ዘርጋው በሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ አገሩ መሬት ላይ።

«እናንተ ናችሁ ያጨዳችሁት?» ተብሎ ተጠየቀ።

መኩሪያ ተነሳ። «እኛ ሣር ምን ያደርግልናል? ክዳን የቸገረው ማነው? ይሄው የእናንተው ባለበቅሎ!» ብሎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ሰው አጉረመረመ። «እሱስ ቤት ሠርቷል» አለ አንዱ። «ችኩል ነው፣ እንደ አባቱ» አለ ሌላው። አስካለ ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። አባቷን አያ ሽፈራውን አየኋቸው፤ ፊታቸውን አዙረው የበግ ለምዳቸውን ያስተካክላሉ። ያ ያማል። በምንጭ ዳር ነበርኩ ብዬ ማልኩ፤ ግን ምንጩ አይመሰክር፣ በቅሎዋ አትናገር።

አባ ቄራ ደምሴ «ልጄ፣ እኔ ባምንህ ማመኔ ምስክር አይሆንልህም» አሉኝ። «ቃሉ ባንተ ላይ ነበር።»

ይሄኔ አንድ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ፣ አያ በላቸው፣ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። «ቆዩማ! ያ በሦስት በቅሎ የወጣው ትልቅ ዓይን እዚያው አልነበረም? ያየውን ይናገራ!»

ሸንጎው በአንድ ድምፅ «ይናገር!» አለ።

መኩሪያ ከት ብሎ ሳቀ። «አባቶች፣ እሱ እኮ እንዲህ አይደለም። ፊልሙ በአውሮፕላን ባሕር ማዶ ሄዶ በመድኃኒት ይታጠባል። ከታጠበም በኋላ እኛ አገር እሱን የሚያሳይ ማሽን የለም።»

«ሲያይ እዚህ፣ ሲናገር ባሕር ማዶ?» አሉ አያ በላቸው። «እንዲህ ያለ ምስክር ለባሕር ማዶ ሰው ይሁነው! እኛ ፊት ያየውን እኛ ፊት ይንገረን።»

«ሳጥኑን ክፈቱና እንይ» አሉ አባ ቄራ። «ሥዕሉ ውስጡ ካለ ይታየናል። ከሌለም ምን ትጎዳላችሁ?»

አልቀለዱም። በእኛ ዘንድ የተሣለ ነገር ሲገልጡት ይታያል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል መጋረጃው ሲነሳ ይታያል። ታጥቦ የሚታይ ሥዕል ማን ሰምቶ ያውቃል? እኔ ብቻ ነበርኩ ባለከረጢቱ የነገሩኝን የማውቀው፤ ብርሃን ካየው ይሞታል።

ባለከረጢቱ ተነሱ። ቀስ ብለው ከበቅሎዋ ጭነት አንዱን ቆርቆሮ አወረዱ። ሸንጎው መሐል፣ ፀሐዩ ላይ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ክዳኑን ያጣበቀውን ፕላስተር ጫፍ በጥቁር ጥፍራቸው ፈልፍለው ያዙ። ከዚያ ለዘርጋው በቋንቋው ተናገሩ፤ ወዲያውም ለእኛ በአማርኛ አሉት፤

«ሸንጎው ክፈት ብሎኛል። ሣሩን ማን እንዳጨደው ይታይ ብሏል። ልክፈተው ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ።»

«አንተ! አስቀምጥ!» አለ መኩሪያ።

ባለከረጢቱ መኩሪያን አላዩትም። ዓይናቸውን ዘርጋው ላይ እንደተከሉ ፕላስተሩን ጥቂት ሳብ አደረጉ። ጥርርር አለ። አንድ ሺህ ዓመት ብኖር ያቺን ድምፅ አልረሳትም።

ዘርጋው ከሳጥኑ ላይ ዘለለ። እየጮኸ ሮጦ መጣና ሸንጎው ፊት በጉልበቱ ወድቆ ደረቱን በቡጢ መታ፤ በእጁም ሣር ጨብጦ የማጨድ ምልክት አሳየ። እንደገና ደረቱን መታ፣ እንደገና አጨደ። መኩሪያ «አሞት ነው፣ ከፍታው ነው» እያለ ሊያነሳው ሞከረ። ግን አስተርጓሚ የፈለገ ሰው አልነበረም። ሕፃን የሚገባው አማርኛ ነው።

መጀመሪያ የሳቁት አያ በላቸው ናቸው። «አያችሁ? ሳይከፈት ተናገረ!»

ሸንጎው ፈረደ። ዘርጋውና መኩሪያ በአገሩ ወግ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ይቅር በሉን» አሉ። ያን ሁሉ ስፋት ያመጣው ሰው በመዳፍ የምትያዝ ድንጋይ ከበደችውና ተንገዳገደ። ካሜራው በዚያ ሰዓት ባናውን ለብሶ ተኝቶ ነበር። መቅረጽ የሚገባው ነገር አንድ ጊዜ ቢያጋጥመው፣ ተኝቶ አለፈው። አያ ሽፈራውም ወደ እኔ መጥተው «እኔስ መቼ ተጠራጠርኩ» አሉኝ። እጅ ነሳኋቸው። አማት ናቸው።

ባለከረጢቱን ግን ዘርጋውና መኩሪያ እዚያው ከሥራ አባረሯቸው። መኩሪያ በመኪናችን አትሄድም አላቸው። በበቅሎዬ አስቀምጬ እኔ በእግሬ፣ እስከ መሐል ሜዳ አደረስኳቸው። አስካለ የሰጠችንን የገብስ ቂጣ ወንዝ ዳር ተቀምጠን በኑግ በላን።

«ያ ፊልም አሁን ምን ይሆናል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ይታጠባል። ሰፊ ማሽን ያለው ሲኒማ ቤት ጥቂት ስለሆነ ወደ ጠባቡ ይገለብጡታል። ሲያረጅ ደግሞ ግራና ቀኙን ቆርጠው በቴሌቪዥን ያሳዩታል።»

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን ሰፋ?»

«ለመቆረጥ» አሉ ቂጣቸውን እያላመጡ።

ሥራዎን ለምን በእኔ ምክንያት አጡ አልኳቸው። እሳቸውም የጠቆሩ ጣቶቻቸውን ወንዙ ውስጥ ነከሩና እንዲህ አሉኝ፤ «ሣሩን ሲያጭዱት እጄ ከረጢቱ ውስጥ ነበር፤ ማውጣት አልቻልኩም። ሸንጎው ላይ ግን እጄ ነፃ ነበር።»

ጓሳው በቀኑ ተከፈተ። አጨድኩ፣ ከደንኩ፣ በግንቦትም አስካለ ገባች። ጎረቤቱ ሁሉ ዛሬ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፤ ዝናብ ሲዘንብ እርስ በርሳቸው መሰማማት እንኳ አይችሉም። እኛ ያንኑ ቤት በጓሳ እያደስን አለንበት፤ ከውስጡ ሆነን የዝናቡን ነገር ጎረቤት ነው የሚነግረን።

ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ፈረንጅ ንግግሩን ጨርሶ ከሰፊ ፊልሙ ቁራጭ ማሳየት ጀመረ። እኔ ዓይነ ደካማውም አየሁት፤ ያ ሁሉ ስፋት ከላይና ከታች ጥቁር መቀነት ታስሮበት፣ ትሪ በምታህል ቴሌቪዥን ላይ፣ ለአንድ ሻይ የሚበቃ ቦታ አጥቶ ተጨናንቋል። መምህሩ አፉን ከፍቶ ያያል። ልጅ ነው፣ አልፈረድኩበትም።

«አባባ፣ እርስዎ የተሸከሙትን ፊልም በኋላ አዩት?»

«አላየሁትም ልጄ። ያየው ሰውም አላጋጠመኝም።»

ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! የሞላ!» እያለ ተጣራ። ዱላዬን አነሳሁ። ስለ ሰፊው ፊልም የተጨነቀ ሁሉ የካሜራውን ስም፣ የፈለሰፈውን ሰው ስም ከፍ አድርጎ ይጽፋል፤ ሲነበብልኝ ሰማሁ። ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጥፍሩ ፕላስተር የያዘውን ሰው ግን የጻፈው የለም። መሐል ሜዳ ስንለያይ ስማቸውን ጠይቄያቸው ነበር። አንተ የሚሏቸውን ሰው አገሬ በሙሉ አንቱ ብሎ እንዲጠራልኝ ይኸው አስጽፈዋለሁ፤ አቶ እሸቴ ናቸው።